በወዳጅ ሠርግ ላይ በእንግድነት ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የሌንስ አመራረጥ፦ በድሬዳዋና በሐረር

ለሠርግ ተቀጥሮ የሚሠራ ፎቶ አንሺ የሚቆምበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል፤ ሙሽሮቹን ወደ ብርሃን ያዞራቸዋል፣ ከፊቱ የቆመ ሰው ዞር እንዲል ይጠይቃል፣ መብራት ይተክላል፣ ካስፈለገውም የኬክ መቁረሱን ሥነ ሥርዓት ለጥቂት ጊዜ ያስቆማል። በእንግድነት የተጠራ ሰው ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም፤ ማድረግም አይገባውም። የሚያነሳው ከተቀመጠበት ወንበር፣ ከቆመበት ጥግ ወይም አብሮ እያጨበጨበ ካለበት ክብ ውስጥ ሆኖ ነው። ስለዚህ በወዳጅዎ ሠርግ ላይ ካሜራ ይዘው ለመገኘት ካሰቡ፣ ጥሩው ሌንስ የትኛው እንደሆነ ከመጠየቅዎ በፊት እርስዎ የት እንደሚገኙ፣ ከሙሽሮቹ በስንት ሜትር እንደሚርቁና በምን ዓይነት ብርሃን እንደሚያነሱ ይጠይቁ። ምርጫው በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ጥያቄው በድሬዳዋና በሐረር ተጨማሪ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚራራቁት ሁለቱ ከተሞች ለፎቶ አንሺ የሚሰጡት ቦታና ብርሃን በጣም የተለያየ ነው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች በመሆኗ ከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶችና በግራና በቀኝ የተተከሉ ዛፎች አሉት። ሐረር ጁገል ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ ግንብ ውስጥ ተጠጋግቶ የተገነባ ከተማ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ ስፍራ ለዓይን እጅግ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ መተላለፊያዎቹና የቤቶቹ ክፍሎች ጠባብ ስለሆኑ ካሜራ ለያዘ ሰው ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ አይሰጡትም። በአንዱ ከተማ የተመቸ ሌንስ በሌላው ላይመች ይችላል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በስልክ ነው። ቀደም ብለው ለወዳጅዎ ይደውሉና ፎቶ ቢያነሱ ደስ ይለው እንደሆነ፣ ሥነ ሥርዓቱ በቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በአዳራሽ መሆኑን፣ የተቀጠረውም ፎቶ አንሺ ከየት እስከ የት እንደሚሠራ ይጠይቁት። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ባለሙያው ብዙውን ጊዜ የሚዋዋለው ለሠርጉ ዕለት ነው፤ ጥሎሹ፣ የሂናው ምሽት፣ መልሱና ቅልቅሉ ያለ ፎቶ አንሺ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። የእንግዳ ካሜራ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው እዚያ ነው። አዳራሽ ውስጥ ባለሙያው እያነሳው ያለውን ኬክ መቁረስ እርስዎም ከኋላው ቆመው ቢያነሱት ለሙሽሮቹ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው፤ በመልሱ ማታ አያታቸው ሲመርቁ ያነሱት ፎቶ ግን ከእርስዎ በቀር በማንም እጅ ላይኖር ይችላል። እኔ ሌንስ የምመክረው ይህን በማሰብ ነው።

ርቀትና ስፋት

ስለ ሌንስ ሲወራ ብዙ ሰው «የሚያቀርብ» እና «የሚያርቅ» ብሎ ያልፋል። ለሠርግ ዝግጅት ግን ከዚህ የተሻለ ቀላል ስሌት አለ፤ የካሜራዎን ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለውን የውስጥ ክፍል) ወርድ በርቀቱ አባዝተው በሌንሱ ላይ በተጻፈው ሚሊ ሜትር ሲያካፍሉት፣ በዚያ ርቀት ላይ ምን ያህል ስፋት ፎቶው ውስጥ እንደሚገባ ያገኛሉ። ዋጋቸው መካከለኛ የሆነ ካሜራዎች አብዛኞቹ አነስ ያለ፣ ክሮፕ ሴንሰር የሚባለውን የያዙ ናቸው፤ የኒኮንና የሶኒዎቹ ሴንሰር ወርድ 23.5 ሚሊ ሜትር፣ የካኖኖቹ 22.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሙሽሮቹ 3 ሜትር ርቀው ቢቆሙ፣ በ23.5 ሚሊ ሜትሩ ሴንሰር ላይ 18 ሚሊ ሜትር ሌንስ 3.9 ሜትር ያህል ስፋት ያስገባል፤ 24 ሚሊ ሜትር 2.9 ሜትር፣ 35 ሚሊ ሜትር 2 ሜትር፣ 50 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1.4 ሜትር ያስገባሉ። በ50 ሚሊ ሜትር ሙሽሮቹ ብቻቸውን ከወገብ በላይ ይገባሉ። በ35 ሁለት ሚዜዎች ተጨምረው ጠበብ ብለው ይገባሉ። በ18 ቤተሰቡ በሙሉ ይገባል። ካሜራዎ ፉል ፍሬም ከሆነ ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ተመሳሳይ ስፋት ለማግኘት ቁጥሩን በ1.5 ያባዙ፤ በክሮፕ ካሜራ ላይ 35 የሆነው በፉል ፍሬም 50 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ይህን ስሌት ይዘው ወደ ሐረር ይሂዱ። በሐረሪ ባህላዊ ቤት ዋና ክፍል ውስጥ ሰው የሚቀመጠው በተለያየ ከፍታ በተሠሩ፣ ነደባ በሚባሉ መደቦች ላይ ነው፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠ ነው፤ ብርሃኑም በአብዛኛው በበሩ በኩል ይገባል። እንግዳ ጫማውን አውልቆ በተሰጠው ነደባ ላይ ይቀመጣል፤ በክፍሉ መካከል መመላለስ ነውር ነው። ስለዚህ ርቀትዎ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሜትር ቢሆን ነው። እዚህ 50 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሰው ፊት እንጂ ለክፍሉና ለሰዉ አይሆንም። 24 ሚሊ ሜትር ወይም ከካሜራው ጋር የሚመጣው ባለ 18–55 ዙም ሰፊው ጫፍ ያስፈልግዎታል። ሰፊ ሌንስ ሲጠቀሙ ሁለት ነገር ይጠብቁ። በፎቶው ጠርዝ ላይ የሚውል ፊት ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ስለዚህ ሙሽሪትንና እናቶችን ወደ መሐል ያድርጓቸው፣ ጠርዙን ለስፌቶቹና ለግድግዳው ይተዉት። ከላይኛው ነደባ ላይ ተቀምጠው ካሜራውን ወደ ታች ቢያዘነብሉት ደግሞ ግድግዳው ይጋደማል፤ የሰዎቹም ራስ ከአካላቸው ጋር የማይመጣጠን ይሆናል። ካሜራውን በሚያነሱት ሰው ዓይን ከፍታ አውርደው ቀጥ አድርገው ይያዙት።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ የሚሆነው ግፊያ ከዚህም የጠበበ ነው። የሴት ወገን በሩን ይዞ ሲዘፍን፣ የወንድ ወገን ሲለማመጥና ሲገፋ፣ በእርስዎና በሚያነሱት ሰው መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ አንድ ሜትር አይሞላም። እዚህም ከ18 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ያለው ነው የሚያስፈልገው። የየትኛው ወገን እንግዳ እንደሆኑም አስቀድመው ያስቡ። ከሙሽሪት ወገን ሆነው ከውስጥ የሚያነሱ ከሆነ፣ የሚገቡት ሰዎች ብርሃኑን ከኋላቸው ይዘው ስለሚመጡ ፊታቸው ይጨልማል፤ የፎቶውን ብሩህነት የሚጨምረውን የካሜራውን የኤክስፖዠር ማስተካከያ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደረጃ ከፍ አድርገው ይጠብቋቸው። ከሙሽራው ወገን ሆነው ከውጭ ካነሱ በሩን የያዙት ሴቶች ፊታቸው ወደ ብርሃን ስለሚዞር ሥራው ይቀልልዎታል።

በድሬዳዋ ሰፊ ግቢ ውስጥ ዳስ ሲጣል ርቀቱ 5 ወይም 6 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ 35 ሚሊ ሜትር ከነሙሉ ቁመታቸው ሰዎችን፣ 50 ሚሊ ሜትር ደግሞ ፊትን በደንብ ይይዛል። በዳስ ውስጥ ግን ከሌንሱ ይልቅ ሸራው ያስቸግራል፤ ሸራው ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ የሁሉም ሰው ፊት ያንኑ ቀለም ይይዛልና፣ የውጭ ብርሃን በሚገባበት በዳሱ ጠርዝ በኩል ቦታ ይያዙ፣ ካሜራዎንም ሮው በሚባለው የፋይል ዓይነት እንዲያስቀምጥ ያድርጉት፤ ቀለሙን ኋላ ለማስተካከል ያስችልዎታል።

አዳራሽ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሙሽሮቹ መድረክ ላይ፣ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ናችሁ፤ 12 ሜትር ርቀት የተለመደ ነው። በ12 ሜትር ላይ 50 ሚሊ ሜትር 5.6 ሜትር ስፋት ያስገባል፤ ሙሽሮቹ ከነመድረኩ ጌጥ፣ ከነሚዜዎቹ ማለት ነው። የሙሽሪትን ፊት ከወንበርዎ ሳይነሱ ለማንሳት 200 ወይም 250 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። እንደ 55–250 ወይም 55–200 ያሉት ቀላል ዙሞች ይህን ርቀት ይደርሱበታል፤ ችግራቸው ብርሃን ነው።

ብርሃን

ሌንስ ላይ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ሌንስ 55 ላይ ሲሆን ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከእርሱ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ይህ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው፦ በማታ አምፖል ብርሃን፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ላይ፣ ኤፍ 5.6 የሆነው ሌንስ 1/25 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) የሚጠይቅ ቢሆን፣ ኤፍ 1.8 የሆነው በዚያው ብርሃን 1/250 ሰከንድ ይበቃዋል። በ1/25 ሰከንድ ተቀምጠው የሚያዳምጡ ሽማግሌ ጥርት ብለው ሊወጡ ይችላሉ፤ እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ግን ይደበዝዛል። በ1/250 ትከሻውም ነጠላውም ይቆማል። ብዙ ሰው ሌንሱ ማረጋጊያ ስላለው ይህ እንደማያስፈልገው ያስባል፤ ማረጋጊያው የሚያስታግሰው የያዡን እጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ የሚጨፍረውን ሰው እንቅስቃሴ አያቆምም።

ፍላሽ አልመክርም። በቤተ ክርስቲያንና በኒካህ ላይ ጸጥታ ያደፈርሳል፤ በአዳራሽ ደግሞ የተቀጠሩትን የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያዎች ሥራ ያበላሻል። ይልቅ የቪዲዮ ባለሙያው መብራቱን ሲያበራ ይጠቀሙበት። ኬክ ሲቆረስ፣ ቀለበት ሲደረግ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ያ መብራት ይበራል፤ በዚያች ደቂቃ ደካማ የተባለው 55–250 እንኳ ከሩቅ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በባለሙያው ጎን ቆመው መብራቱን ከፊት ከሚያነሱት ይልቅ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢሉ ፊቶቹ ቅርጻቸውን ይዘው ይወጣሉ።

የአዳራሽና የዲጄ መብራት ኤልኢዲ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሻተር ወይም በጣም ፈጣን በሆነ ሻተር ካነሱ ፎቶው ላይ ጥቁር አግድም መስመሮች ይታያሉ። እንዲህ ሲሆን ሜካኒካሉን ሻተር ይጠቀሙ፣ ሰዎቹም ተቀምጠው ከሆነ ወደ 1/100 ይመለሱ።

ብርሃን ሲበዛም ችግር ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት፣ በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ የድሬዳዋ የእኩለ ቀን ፀሐይ በአናት ላይ ትውላለች፤ ዓይን ሥርና አገጭ ሥር ጥላ ይጠቁራል፣ ነጭ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ደግሞ ጥለቱ እስኪጠፋ ያበራል። ኤፍ 1.8 ሌንስ ይዘው በዚያ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ለማንሳት ቢሞክሩ፣ አይ ኤስ ኦ 100 ላይ እንኳ 1/8000 ሰከንድ ያህል ሻተር ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ መለስተኛ ካሜራዎች ግን ከ1/4000 አያልፉም። ስለዚህ ቀን ላይ ሌንሱን ወደ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ይዝጉት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰዎቹ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እስኪደርሱ መጠበቅ ነው። በጥላ ውስጥ የጠይም ፊትና የነጭ ጥበብ ብርሃን ይቀራረባል፤ ሁለቱም በአንድ ፎቶ ይተርፋሉ። ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትለሰልሳለች፤ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ግን ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳልና ብርሃን የሚያስገባው ሌንስ ከዚያ በፊት ካሜራው ላይ ይግባ።

ሌንስን እስከ ጫፍ መክፈት የራሱ ዋጋ አለው። በክሮፕ ካሜራ ላይ፣ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8፣ ከ2 ሜትር ርቀት ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለአንድ ፊት ይበቃል። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ ግን የእናት ፊትና የልጅ ፊት በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ አንዱ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። ለዚህ ጊዜ ሌንሱን ወደ ኤፍ 4 ይዝጉት፤ ጥልቀቱ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚያው ቦታ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያነሱ ጥልቀቱ ከዚያም ይሰፋል። ይህ ሥነ ሥርዓት ሰከንዶች ብቻ ስለሚፈጅ ቁጥሩን አስቀድመው ያስተካክሉ፤ ከወንበሮቹ ጎን በርከክ ብለውም ይጠብቁ። ከፊት ለፊት ያለው ቦታ የባለሙያው ነው።

አንድ ሌንስ ቢሆን

ከላይ ያለውን ሁሉ ደምሬ ለእንግዳ አንድ ሌንስ ምረጥ ብባል፣ ለክሮፕ ካሜራ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው የምለው። በቤት ውስጥ በጣም አይጠብም፤ በዳስ ውስጥ አይርቅም፤ ማታ ይሠራል፤ ትንሽ ስለሆነም ሰው ፊት አይገተርም። ለኒኮን ክሮፕ ካሜራ የተሠራው 35 ሚሊ ሜትር (ዲኤክስ) 200 ግራም፣ የሶኒው 35 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ160 ግራም ያነሰ ክብደት አላቸው፤ በአንገት ተንጠልጥለው ሲያጨበጭቡና ሲበሉ አያስቸግሩም። ዲኤስኤልአር የሚባለውን፣ መስታወት ያለውን የካኖን ካሜራ ለያዘ ሰው የቀረበው አማራጭ ሁለት ነው፤ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 እና 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8፣ ሁለቱም ኤስቲኤም የሚባለውን ጸጥ ያለ ሞተር የያዙ። የሠርጉ ዋና ክፍል በጁገል ቤት ውስጥ ከሆነ 24ቱን፣ በቤተ ክርስቲያንና በአዳራሽ ከሆነ 50ውን ይያዙ።

ዙም ካልያዝኩ አይሆንልኝም ለሚል ሰው ሲግማና ታምሮን የሠሩት 17–50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 አለ፤ በሁሉም ርቀት ኤፍ 2.8 ሆኖ ስለሚቆይ በ50 ላይ ከተራው ዙም አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ባለሙያዎች የሚይዙትን 70–200 ኤፍ 2.8 ግን ቢያገኙም ቤት ይተዉት። 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የያዘውን ሰው ከእንግድነት አውጥቶ ባለሙያ ያስመስለዋል፤ ዘመድም ፊቱን አስተካክሎ መቆም ይጀምራል። እንግዳ ማግኘት የሚችለው ሳይዘጋጁ የሚስቁትን፣ ጓዳ ወጥ የሚያወጡትን እናቶች፣ ሚዜ ቦታውን ሲፈልግ ነው። ትልቅ ሌንስ እነዚህን ያስደነግጣቸዋል።

ከካሜራው ጋር የመጣውን 18–55 ንቀው አይተዉት። ለበሩ ግፊያና ለቤተሰብ ፎቶ ሰፊው ጫፉ ያስፈልጋል፤ ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ጥቅም አለው። የሙሽሪትን የሂና እጅ ወይም ቀለበቱን በቅርብ ለማንሳት 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አይመችም፤ የካኖኑ ከ35 ሴንቲ ሜትር፣ የኒኮኑ ከ45 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ፎከስ አያደርግም። የካኖኑ 18–55 ግን እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስለሚቀርብ፣ 55 ላይ አድርገው በመስኮት ብርሃን ቢያነሱት የሂናው ቀጭን መስመር አንድ በአንድ ይታያል።

ሌንስ ከመዋስ ወይም ከመግዛት በፊት ከካሜራዎ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌለ፣ እንደ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲ ያሉት የቀድሞ ሌንሶች ይገጥማሉ እንጂ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም፤ በሠርግ ግርግር ፎከስን በእጅ ማሽከርከር አድካሚ ነው። ለክሮፕ ካሜራ የተሠራው የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ በካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገጥምም። ለአዲሶቹ መስታወት አልባ የካኖን ካሜራዎች የተሠራው የአርኤፍ ሌንስ በቀድሞዎቹ የካኖን ካሜራዎች ላይ በምንም መንገድ አይገባም፤ የቀድሞው ኢኤፍ ግን በአዳፕተር በአዲሶቹ ላይ ይሠራል። ያገለገለ ሌንስ ሲሆን በስልክ መብራት ከኋላው እያበሩ በውስጡ ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካዩ ፈንገስ ነውና ይተዉት። ትናንሽ የአቧራ ብናኞች ግን አያሳስቡ። ከዚያ ካሜራው ላይ ገጥመው፣ ሻተሩን ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ አድርገው፣ አንድ ጊዜ ከፍተው፣ አንድ ጊዜ ዘግተው ያንሱ፤ ሁለቱ ፎቶዎች በብርሃን እኩል ካልሆኑ የሌንሱ መክፈቻ ተጣብቋል። ይህን ሁሉ ሠርጉ በሚደረግበት ሰዓት ዓይነት፣ በማታ፣ ቤትዎ ውስጥ በአንድ አምፖል ሥር ቢሞክሩት ይመረጣል።

ስለ ሙቀትና አቧራም ልናገር። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጡ ወይም ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ካሜራውን በመኪናው የፊት መስታወት ሥር አያስቀምጡ፤ በቆመ መኪና ውስጥ የሚከማቸው ሙቀት የሌንሱን ቅባት ያቀልጥና ወደ መክፈቻው ያፈሳል። ንፋስ ሲኖር፣ በተለይ በድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ አካባቢ፣ ሌንስ አይቀይሩ። መቀየር ግድ ከሆነ ቤት ገብተው፣ ካሜራውን አጥፍተው፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው ይቀይሩ። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ለመቀየር ማቀድ ጥሩ ነው፤ አንዱ ከበሩ ግፊያ በኋላ፣ ሌላው ሳይመሽ።

የሚቆሙበት ቦታ

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራ ማውጣት በአጥቢያው ፈቃድ የሚወሰን ነው፤ ወዳጅዎ አስቀድሞ ይጠይቅልዎ። በተክሊል ጋብቻ ጊዜ ወንዶችና ሴቶች በየበኩላቸው ስለሚቆሙ ሙሽሮቹን የሚያዩበት ማዕዘን በእርስዎ እጅ አይደለም፤ ርቀቱም ይበዛል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት 50ውን ይግጠሙና በዚያው ይጨርሱ፤ ቅዳሴ ላይ ቦርሳ ከፍቶ ሌንስ መቀየር አይገባም። ካሜራው ፎከስ ለማድረግ የሚያበራትን ትንሽ ቀይ ወይም ብርቱካናማ መብራትና የድምፅ ምልክቱን ያጥፉ። ካባና አክሊል የሚደረግበትን ጊዜ ይጠብቁ፣ ጥቂት ያንሱ፣ ካሜራውንም ያውርዱ።

ኒካህ ላይ ደግሞ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ስለሚቀመጥ ካሜራዎም ዝቅ ማለት አለበት፤ 35 ሚሊ ሜትር ከተቀመጡበት ለእጅ መጨባበጡና ለሼኩ ፊት ይበቃል። የሴቶቹ ክፍል ሌላ ሥርዓት አለው። ሴት እንግዳ ከሆኑና ካሜራ እንዲይዙ ከተጠየቁ ትልቅ አደራ ነው፤ በዚያ የተነሳ ፎቶ ለሙሽሪት ብቻ ይሰጣል፣ በስልክም ለሌላ አይላክም።

በከዚራ ወይም በሌላ መናፈሻ የሚደረገው የፎቶ ፕሮግራም የባለሙያው ሰዓት ነው። እንግዳ ከጎን ሆኖ «ወደዚህ!» ሲል የሙሽሮቹ ዓይን ለሁለት ይከፈላል፤ የባለሙያውም ፎቶ ይበላሻል። 55–200 ወይም 55–250 ካለዎት የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ 10 ሜትር ያህል ርቀው በጥላ ውስጥ ይቁሙ፣ ሙሽሮቹ ከአንዱ አቋቋም ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ያለውን ያንሱ፤ ቬሉን የምታስተካክለውን ሚዜ፣ የሙሽራውን ላብ የሚጠርገውን ወንድም። ቀን ስለሆነ ኤፍ 5.6 አያስቸግርም።

አዛውንቶችን ከቅርብ ለማንሳት ሲፈልጉ ግን አይደበቁ። «እማማ፣ ይፈቅዳሉ? አንድ ፎቶ ላንሳዎት» ብለው ቀርበው፣ ጎንበስ ብለው ያንሱ፤ ፎቶውንም ወዲያው ያሳዩዋቸው። 35 ሚሊ ሜትር ለዚህ የሚሆነው ከሰው ጋር እየተነጋገሩ ለማንሳት በሚበቃ ቅርበት ስለሚሠራ ነው።

ለመልሱ ደግሞ ሌንሱን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ 35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8፣ ሻተር 1/125፣ አይ ኤስ ኦ 3200 ለአብዛኛው ሳሎን መነሻ ይሆናል፤ ክፍሉ ከጨለመ ሌንሱን ወደ ኤፍ 2 ይክፈቱት። ባለሙያው ካልመጣ ቦታ መምረጥ የእርስዎ ነው፤ ድፎ ዳቦው ሳይቆረስ ሽማግሌዎቹ የት እንደሚቀመጡ ይጠይቁና፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሳይሆን ከሙሽሮቹ ጎን ዝቅ ያለ መቀመጫ ይያዙ፤ የመራቂዎቹ ፊትና የተዘረጋው እጃቸው የሚታየው ከዚያ ነው።